ዳይፐር ወይስ የሽንት ጨርቅ? ለአራስ ልጅ ምን፣ ስንት፣ መቼ ይገዛ

አራስ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይቀየርለታል። መካከሉን 10 ብንይዝ በወር 300፣ በሦስት ወር 900 ዳይፐር ነው። የአንዱ ዋጋ 1 ብር በጨመረ ቁጥር የወሩ ወጪ በ300 ብር ያድጋል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የሚታየው የከረጢቱ ዋጋ ሳይሆን ዋጋው ለፍሬው ብዛት ሲካፈል የሚወጣው ነው። ትልቁ ከረጢት ሁልጊዜ ይረክሳል የሚባለው አይሠራም፤ ስልካችሁን አውጡና አካፍሉ።

ጨርቅ በበኩሉ አንዴ ተገዝቶ የሚያበቃ ይመስላል። ሳሙናው፣ ውሃው፣ አጣቢዋ ሲደመሩ ግን ልዩነቱ ይጠባል፤ ውሃ በቦቴ ወይም በጀሪካን የሚገዛ ቤት ከሆነ ጭራሽ ሊጠፋም ይችላል። ደግሞም ገንዘቡ ብቻውን አይወስንም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ በቂ ጡት ማግኘቱን የምናውቀው የሽንት ጨርቁን ገልጠን ነው። በዚህ በኩል ሁለቱ እኩል አይደሉም።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ጨርቅ ይናገራል፣ ዳይፐር ይደብቃል

የሚጠበቀው እንዲህ ነው። በ1ኛው ቀን ቢያንስ አንድ ሽንት፣ በ2ኛው ሁለት፣ በ3ኛው ሦስት እያለ ይሄድና ከ6ኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ካካው መጀመሪያ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚጣበቅ ነው። በ3ኛውና በ4ኛው ቀን ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ በ5ኛው ቀን ገደማ የክክ አልጫ የመሰለ ቢጫ ይሆናል፣ ላላ ያለ፣ ጥቃቅን ፍሬ ያለበት። ተቅማጥ መስሏቸው የሚደነግጡ አሉ፤ ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ካካ መልኩ ይኸው ነው። በ5ኛው ቀን ካካው ገና ጥቁር ከሆነ፣ ወይም የሽንቱ ቁጥር ካልጨመረ፣ ልጁም ጡቱም መታየት አለባቸውና ቀጠሮ ሳይጠብቁ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ጨርቅ አንድ ጊዜ ሲሸናበት በእጅ ዳሰስ ሲደረግ ይታወቃል። ዳይፐር ግን ሆዱ ውስጥ ከእንጨት የሚገኝ ጥጥ መሰል ነገርና ውሃ ሲነካው ወደ ጄል የሚለወጥ ደቃቅ ፍሬ አለው። የአራስን ትንሽ ሽንት ውጦ ላዩ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። እናት «ዛሬ አልሸናም» ብላ ትሰጋለች፣ ወይም ሦስት ጊዜ የሸናውን አንድ ብላ ትቆጥራለች። ዳይፐር የምትጠቀሙ ከሆነ አንዱን መሥዋዕት አድርጉ፦ 3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ አፍስሱበትና በአንድ እጅ እሱን፣ በሌላው ደረቁን ይዛችሁ ክብደቱን ልመዱ። ከፊቱ ቢጫ መስመር ያለበት ዳይፐር ሲረጥብ መስመሩ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ለዚያ መስመር ተጨማሪ መክፈል ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያዋጣል፤ ከዚያ በኋላ ጌጥ ነው።

ነጭ ጨርቅ ላይ ሌላም ነገር ይታያል። በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት የጡብ ዱቄት የመሰለ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ደም ሳይሆን የወፈረ ሽንት ጨው ነው። ከ5ኛው ቀን በኋላም ከቀጠለ ግን ወተት እንዳነሰው ይጠቁማል። ሴት ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ከብልቷ ጥቂት ደም ወይም ነጭ ፈሳሽ ልታሳይ ትችላለች፤ ከእናቷ ያገኘችው ሆርሞን ሲቀንስ የሚመጣ ነውና በራሱ ያልፋል። በጨርቅም ሆነ በዳይፐር ለነገ የማይባለው እንደ ኖራ የነጣ ወይም ግራጫ ካካ ነው። የሐሞት መስመር መዘጋት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም በዚያው ቀን ይየው።

የጨርቅ ድክመት እዚሁ ሳምንት ላይ አለ፦ ያ ጥቁር ካካ ከአዲስ ነጭ ጨርቅ በቀላሉ አይለቅም። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ተቀዶ የሚጣል አሮጌ ነጠላ ከሁለቱም ይበልጣል። ብዙ ስለታጠበ ለስላሳ ነው፣ ውሃም ወዲያው ይመጥጣል። መቀመጫውን አስቀድሞ ቫዝሊን በስሱ መቀባት ካካውን ሲጠርጉ ድካም ይቀንሳል።

ቁጥር 1ን አታከማቹ

ልጁ 3 ኪሎ ተወለደ እንበል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ7 እስከ 10 በመቶ ክብደት ሊቀንስ ይችላል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደተወለደበት ይመለስና ከዚያ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል። 4 ኪሎ የሚሞላው በ8ኛው ሳምንት ገደማ ነው። «ከ2 እስከ 5 ኪሎ» የተጻፈበት ቁጥር 1 ዳይፐር ልጁ 5 ከመድረሱ በፊት ጀርባ ላይ ማፍሰስ ይጀምራል። 3 ኪሎ ከ800 የተወለደ ልጅ ደግሞ በሦስት ሳምንት ሊያልፈው ይችላል።

ከመውለድ በፊት ከ30 እስከ 40 ፍሬ ያለው አንድ ከረጢት ቁጥር 1 ይበቃል። አራስ ጠያቂም ብዙውን ጊዜ ቁጥር 1 ያመጣልና ተጨማሪ አትግዙ፤ ያልተከፈተውን ሱቁ ይቀይርላችሁ እንደሆነ ቶሎ ጠይቁ። ቁጥሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ መነበብ ያለበት ኪሎው ነው። ዳይፐሩ ጠቦታል የሚባለው ማጣበቂያው ወደ እምብርት መሐል ሳይደርስ ጎን ላይ ሲቀር፣ ጭን ላይ ቀይ ምልክት ሲተው፣ ካካው በጀርባ ሲወጣ ነው። በትክክል ሲታሰር ሆዱ ላይ ሁለት ጣት ያስገባል። በጭን በኩል የሚያፈስ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የመጠን አይደለም፤ በጭኑ ዙሪያ ያለው ላስቲክ ወደ ውስጥ ተጣጥፎ ቀርቷል። ጣት አዙራችሁ ወደ ውጭ አውጡት። ወንድ ልጅ በሆድ በኩል የሚያፈሰው ከመታሰሩ በፊት ብልቱ ወደ ታች ስላልተደረገ ነው።

ሰፈር ሱቅ ዳይፐር በፍሬ መሸጡ ለመሞከር ይመቻል። አንድ ግዙ፣ ሩብ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱበት፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ሶፍት ላዩ ላይ ተጫኑ። ሶፍቱ ከረጠበ ከረጢቱን አትግዙ። ማጣበቂያው ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ሦስተኛ መያዝ አለበት። ሽቶ የሸተተውን መልሱት። ከከረጢት ወጥቶ ተከማችቶ አቧራ የለበሰውን ለአራስ አታድርጉ።

ጨርቅ ሲባል የትኛው?

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ እንደ ሙታንታ የተሰፋ፣ ኪስ ያለው፣ ኪሱ ውስጥ መምጠጫ የሚገባበት ነው። ቁልፎቹ ልጁ ሲያድግ እየተለቀቁ እስከ ሁለት ዓመት ያስኬዳል ተብሎ ይሸጣል። ነገሩ እውነት ቢሆንም ከ4 ኪሎ በታች ላለ ልጅ ይገዝፋል፣ በቀጭን ጭኑ ዙሪያ ስለሚላላም ያፈስሳል። ከሁለተኛው ወር በኋላ ግዙት። መምጠጫው ማይክሮፋይበር (ከደቃቅ ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ) ከሆነ ቆዳ እንዳይነካ፤ ቆዳውን ያደርቃል።

ለአራስ የምንመርጠው ሁለተኛውን፣ ተራውን አራት ማዕዘን የጥጥ ጨርቅ ነው። 70 በ70 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይቆረጣል፤ ወርዱ 1 ሜትር ከ40 የሆነ ጨርቅ 8 ሜትር ተኩል ሲገዛ 24 ያወጣል። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ትንሽ ጨምራችሁ ግዙ፣ ሳይቆረጥም እጠቡት። ወፍራም ጨርቅ አትፈልጉ፤ ስስ ሆኖ ደጋግሞ የሚታጠፍ ያው ይመጥጣል፣ ሲዘረጋ ግን ቶሎ ይደርቃል። ነጋዴው «ንጹሕ ጥጥ» ያለው ፖሊስተር የተቀላቀለበት እንዳይሆን ከጠርዙ ክር መዝዛችሁ አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ይቀልጥና ጠጣር ዶቃ ይሠራል። አዲስ ጥጥ ደግሞ ቅባት ስላለው 3 ወይም 4 ጊዜ ሳይታጠብ በደንብ አይመጥጥም። «ጨርቅ ሞክረን አልሆነም» የሚሉ ብዙዎች የተሸነፉት እዚህ ላይ ነው።

ከላዩ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን 4 ወይም 5 ይበቃል፤ ካካ ካልነካው ተጠርጎ ደጋግሞ ይለበሳል። በሽፋን ፋንታ ፌስታል ማሰር ክፉ ልማድ ነው። ሙቀት ያፍናል፣ ቆዳ ያቆስላል፣ ተፈትቶ ፊቱ ላይ ከሄደም ትንፋሽ ያሳጥራል። በመርፌ ቁልፍ የምታስሩ ከሆነ መርፌው ሲገባ የእናንተ ጣት በጨርቁና በልጁ ሆድ መካከል ይሁን።

ውሃ፣ ፀሐይና እጅ

ስንት ጨርቅ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋት የተሰጣ ከሰዓት ይሰበሰባል፤ 20 ጨርቅ ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ሁለት ቀን ሊፈጅ ስለሚችል 30 ይፈለጋል፣ ወይም ለክረምቱ ከዳይፐር ጋር መቀላቀል። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ያለ ሰው ይህ ጭንቀት የለበትም።

ለአንድ ቀን እጥበት ከ2 እስከ 3 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። ካካው መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፤ ፍል ውሃ እድፉን ያስይዘዋል። ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ ቀጥሎ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። ውሃ ያጠረበት ቤት የሚቆጥበው ከመለቅለቁ ነው፤ ውጤቱም ጨርቁ ላይ የቀረው ሳሙና የልጁን መቀመጫ ማቅላቱ ነው። በረኪና በየቀኑ አያስፈልግም፤ ቢጫውን እድፍ ፀሐይ ታነጣዋለች። ማለስለሻ ፈሳሽ ፈጽሞ አታድርጉ፤ ክሩን ለብጦ መምጠጡን ይገድልበታል። ጨርቁ ተለቅልቆ እያለ ሲረጥብ አይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለው በጥልቀት አልጠራም ማለት ነውና አንዴ ቀቅሉት።

ይህን ሁሉ የሚሠራ እጅ ማን ነው? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ጨርቅ አይገዛ። አራሷ ራሷ የምታጥብ ከሆነ፣ በተለይ በኦፕራሲዮን የወለደች ከሆነ፣ ለ6 ሳምንት ዳይፐር ይሁን። በቤቱ እናት፣ አክስት ወይም ሠራተኛ ካለች፣ ቧንቧውም ቢያንስ በሁለት ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ፣ ቀን ጨርቅ፣ ሌሊት ዳይፐር የሚለው ቅልቅል በኛ ሚዛን ያሸንፋል። የዳይፐር ወጪው ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ሽንቱም ቀን ላይ ይቆጠራል።

ሌሊቱን ለዳይፐር የሰጠነው ለእናት እንቅልፍ ብቻ አይደለም። ብርዳማ ሌሊት ላይ የረጠበ ጨርቅ ለብሶ የተኛ አራስ ሙቀቱ ከ36.5 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ከ2 ኪሎ ተኩል በታች የተወለደ ከሆነ አደጋው ይብሳል፤ ለእንዲህ ያለው ልጅ ክብደት እስኪይዝ ቀንም ዳይፐር ይሻላል።

እምብርት፣ ግርዛት፣ መቅላት

እትብቱ እስኪወድቅ፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ቀን፣ ጨርቁም ዳይፐሩም ከእምብርት በታች ይታጠፍ። ዳይፐር ሲታጠፍ ቅርጹን ይይዛል፤ ጨርቅ እየተንሸራተተ ይመለሳል፣ ሽንቱንም እዚያ ያደርሳል። እምብርት ላይ ቅቤ አይደረግም። ጤና ተቋሙ ክሎርሄክሲዲን የተባለውን ጀርም ገዳይ ጄል ከሰጠ እንደታዘዘው ይቀባል፤ ቱቦው ከዓይን ቅባት ጋር እንዳይምታታ ለብቻው ይቀመጥ።

ወንድ ልጅ በ8ኛው ቀን ከተገረዘ ቁስሉ እስኪያገግም ላላ ብሎ የታሰረ ዳይፐር ይመረጣል፤ ደረቅ ጨርቅ ቁስል ላይ ይጣበቅና ሲነሳ ያደማል። ጨርቅ ብቻ ካለ ቫዝሊን በደንብ የተቀባ ንጹሕ ጎዝ በመካከል ይሁን።

መቅላት ሁለቱም ያመጣሉ፤ መንስኤው እርጥበት፣ ካካና ፍትጊያ ነው። ጨርቅ የሚያቀላው ሳይቀየር ሲቆይ ነው። ዳይፐር የሚያቀላው ደግሞ ደረቅ መስሎ 6 ሰዓት ሲረሳ ነው። ቀን በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ ቀይሩ፣ ካካ ሲኖር ወዲያው፤ በለብ ያለ ውሃና በጥጥ አጽዱ፣ ሴት ልጅን ከፊት ወደ ኋላ፤ ትንሽ ክፍት አድርጋችሁ አናፍሱ። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ወፈር ብሎ ይቀባል፤ ጨርቅ ላይ ግን ስለሚጣበቅ ያረጀ ቁራጭ ከሥሩ ይነጠፍ። የሕፃን ፓውደር ይቅር፣ ብናኙ ሳንባ ይገባል። መቅላቱ ጨርቁ ወይም ዳይፐሩ በሚነካው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ በዚህ ይድናል። ብሽሽት እጥፋት ውስጥ ገብቶ ደማቅ ቀይ ከሆነ፣ በዙሪያውም ጥቃቅን ነጠብጣብ ካለው፣ ፈንገስ ነው፤ ከ3 ቀን በላይ አትጠብቁ፣ የፈንገስ ቅባት ይታዘዝለት።

ስለ መጣል፦ ካካው ሽንት ቤት ይራገፍ፣ ዳይፐሩ ግን ሽንት ቤት አይጣል፤ ያብጥና መስመሩን ይደፍናል። ተጠቅልሎ በራሱ ማጣበቂያ ታስሮ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች በተዘጋ ከረጢት ይሰጥ። ግቢ ውስጥ ማቃጠል ጭሱ ከልጁ ጋር ቤት ይገባል።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣ» ካለ ሻንጣውን በዳይፐር አያስሞሉት። ውሃ የማያሳልፉ 5 የአራስ መጠን ሽፋኖች ከአንድ ጫማ ያነሰ ቦታ ይይዛሉ፤ እዚህ ለመፈለግ የሚያለፋውም እሱ ነው።