የ8 ሰዓቱ ስፖርት፦ ስለ አንድ የሱስ ማገገሚያ ማዕከል አገልግሎት

ታናሽ ወንድሜ ለዓመታት ጫት ሲቅም፣ ማታ ማታም ምርቃናውን በአረቄ ሲሰብር ቆይቶ ጫቱም ጨብሲውም አንድ ላይ ስለጸኑበት፣ ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል የማገገሚያ ማዕከል አስገብተነው ሦስት ወር ታክሟል። የምጽፈው ስለ ሕክምናው በሙሉ ሳይሆን፣ ከምክርና ከመድኃኒት ጎን ለጎን ስለሚሰጠው የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ነው፤ ማዕከል ስናማርጥ ከሁሉ ያነሰ ግምት የሰጠነው ለእሱ ነበርና።

ስፖርቱ በሳምንት አምስት ቀን፣ ልክ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይጀመራል። ሰዓቱ ታስቦበት የተመረጠ ነው። ለቃሚ ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ የበርጫ ሰዓት ስለሆነ፣ ጫቱ በሌለበትም ሰውነት ሰዓቱን ጠብቆ ይጠይቃል፤ ሰውየው ያዛጋል፣ ይነጫነጫል፣ መቀመጫ ያጣል። ማዕከሉ ይህን ክፉ ሰዓት በእንቅልፍ ወይም በቴሌቪዥን እንዲያልፍ አልተወውም፤ ፈጣን የእግር ጉዞ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ቀለል ያለ ክብደት ማንሳት፣ በመጨረሻም ሰውነት ማፍታታት፣ በድምሩ 45 ደቂቃ ያሠራሉ። በሳምንት ሲደመር 225 ደቂቃ ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ለአዋቂዎች ባወጣው ምክር ካስቀመጠው ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከል ማለት ነው።

እያንዳንዱ ታካሚ ትንሽ ደብተር አለው። ከስፖርቱ በፊትና በኋላ ሀራራው ከ10 ስንት እንደሆነ በእጁ ይጽፋል። የወንድሜ የመጀመሪያ ገጾች ብዙ ጊዜ “በፊት 8፣ በኋላ 4” ይላሉ፤ ለእራት ሲቀመጥ ግን ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል። አማካሪዋ ደብተሩን ከፊታቸው ዘርግተው ከስፖርት በኋላም ሀራራው ያልወረደበትን አንድ ሐሙስ ሲጠይቁት፣ በዚያ ቀን ጠዋት አብሮት የሚቅም ጓደኛው ደውሎለት እንደነበር ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩን በተመለከተ አብረው ውሳኔ ላይ ደረሱ። በእኔ ግምት የአገልግሎቱ ትልቁ ጥንካሬ ይህ ነው፦ ስፖርቱ ከምክሩ ተነጥሎ አይሰጥም።

ማዕከሉ ስፖርት ሱስን ይፈውሳል ብሎ አለመናገሩንም አደንቃለሁ። አጭር የፈጣን እግር ጉዞ የሲጋራን ሀራራ ለጊዜው እንደሚያበርድ በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል፤ እንቅልፍንና ስሜትንም ያግዛል። ነገር ግን በአሜሪካ አነቃቂ ዕፅ የሚጠቀሙ 302 ሰዎች ተሳትፈውበት በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት፣ ከመደበኛው ሕክምና ጋር ስፖርት የሠሩት የጤና ትምህርት ከተሰጣቸው ይልቅ ከዕፁ ብዙ ቀን መራቃቸውን በዋናው መለኪያው አላሳየም። የማዕከሉ ሐኪምም በመጀመሪያው ቀን “ስፖርቱ ደጋፊ ነው፤ ሕክምናውን አይተካም” ብለውናል።

ጥንቃቄውም በአብዛኛው ጥሩ ነው። ብዙ የሚጠጣ ሰው አልኮል በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥና መቃዠት ሊያጋጥመው ስለሚችል፣ ሐኪሙ የደም ግፊቱንና የልብ ምቱን ለክተው እስኪፈቅዱ ድረስ ስፖርት አይጀምርም። ወንድሜ የጀመረው በ11ኛው ቀን ነው። ያን ዕለት ልጠይቀው ሄጄ ነበር። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የጫማውን ክር ማሰር አቅቶት ሲታገል፣ አሰልጣኙ አጠገቡ በርከክ ብሎ፣ ሳያስርለትም ሳያቻኩለውም፣ ሁለቱንም ጫማ አስሮ እስኪጨርስ ጠበቀው። ሌሎቹም ቆመው ጠበቁ። እኔ ዞር ብዬ አለቀስሁ።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከ20 ለሚበልጡ ታካሚዎች ያለው አሰልጣኝ አንድ ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ አዲስ የገባውም የበረታውም በአንድ ፍጥነት ይሮጣል፤ ወንድሜ ምሳውን በቅጡ ሳይበላ ሮጦ አዙሮት የወደቀበት ቀን ነበር፣ ለቤተሰብ የተነገረን ግን ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ለስፖርቱ ተጨማሪ ክፍያ አለመጠየቃቸው መልካም ሆኖ፣ ሁለተኛ አሰልጣኝ ቢቀጥሩ የበኩላችንን ለመጨመር ብዙዎቻችን ፈቃደኞች ነን።

ሁለተኛው ይብሳል። ታካሚው ሲወጣ የሚሰጠው አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነው፤ የሚያሠራው የለም፣ ደብተሩን የሚያይለት የለም። የበርጫ ሰዓት ደግሞ ሰፈር ውስጥ በየቀኑ ይመጣል። ወንድሜ በወጣ በአምስተኛው ሳምንት አገርሽቶበት ሁለት ቀን ቅሞ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተመልሷል፤ አሁን በ8 ሰዓት ከሥራ ቦታው ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ይራመዳል፣ ደብተሩንም እኔ አየዋለሁ። እኔ ግን አማካሪ አይደለሁም። ለማዕከሉ ኃላፊዎች በደብዳቤ የጠየቅነውን እዚህም እደግማለሁ፦ የከሰዓቱን ስፖርት ለወጡ ታካሚዎች ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ክፈቱላቸው፤ ትራንስፖርቱን እኛ ቤተሰቦች እንችላለን።