ቮልስ ያላችሁ፣ «ሞተሪኖው ሞቷል» ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ

ጎንደር ውስጥ ቮልስ የምትነዱ፣ በተለይ መኪናው ከአባት የደረሳችሁ፣ ጠንቀቅ በሉ። መኪናው አልነሳ ሲል ምንም ሳይለኩ «ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ዕቃ) አልቋል» ብለው፣ ቀለም የተቀባ አሮጌ ሞተሪኖ በአዲስ ዋጋ የሚሸጡ አሉ። የእናንተን ደህና ሞተሪኖ ደግሞ ያስቀራሉ። በአባቴ መኪና ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የጋራዡን ስም አልጠራም። ዘዴውን ማወቁ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

የአባቴ መኪና ቁልፉ ሲዞር «ጧ» ይልና ዝም። አንዳንዴ እያቃሰተ ይዞራል። ቁልቁለት ላይ ለቀቅ አድርገው ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገቡ ግን ወዲያው ይነሳል። ጎንደር ደግሞ ቁልቁለት አይጠፋም፤ አባቴም አፍንጫውን ወደታች አድርገው ማቆም ለምደው ነበር።

ይሄ ምልክት ብቻውን ብዙ ይናገራል። ተገፍቶ ወዲያው የሚነሳ መኪና ካንዴላውም ቤንዚኑም ደህና ናቸው ማለት ነው። የሚፈተሸው ሞተሩን የሚያዞረው ክፍል ነው፤ ባትሪው፣ ኬብሎቹ፣ ከቁልፉ የሚመጣው ሽቦ ወይም ሞተሪኖው ራሱ። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ደግሞ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) እንጂ በጆሮ አይደለም።

የጋራዡ ሰውዬ ግን ቴስተር አላወጣም። ጎንበስ ብሎ አዳመጠና «አባባ፣ ይሄ አበቃለት፤ ኦርጅናል አለኝ» አላቸው። 9,000 ብር ተቀበለ። ደረሰኝ የለም። አሮጌውን ሲጠይቁት «ብረት እኮ ነው፣ ምን ያደርግልዎታል? እኔ እጥልልዎታለሁ» አለ። ባትሪውንም ቻርጅ ስላደረገው ለጥቂት ቀን ሠራ። ከዚያ ያው «ጧ» ተመለሰ።

ችግሩን ያገኘው ሌላ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ እግዜር ይስጠው። ቮልስ ላይ ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሹ ሳጥን) የተቀመጡት ንዝረት በሚያበርዱ የጎማ ማረፊያዎች ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ከቦዲው ጋር የሚያገናኛቸው አንድ ጠፍጣፋ፣ የተጎነጎነ ሽቦ አለ። የባትሪው ኔጌቲቭ ቦዲው ላይ ስለሚታሰር ሞተሪኖው የሚስበው ኃይል ሁሉ የሚመለሰው በዚያ ሽቦ ነው። የአባቴ መኪና ላይ ሽቦው አረንጓዴ ዝገት በልቶት በጥቂት ክር ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። ቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ካምቢዮው ላይ አድርጎ ቁልፉን አስዞረ። ከግማሽ ቮልት መብለጥ የለበትም፤ ከ3 በላይ አሳየ። ሽቦው ተቀየረ፣ መኪናው በአንድ ዙር ተነሳ። አሮጌው ሞተሪኖ ምንም አልነበረበትም ማለት ነው!

«ኦርጅናል» የተባለውንም ፈታው። ጥቁሩ ቀለም በጥፍር ሲፋቅ ይላጣል፣ ከስሩ ዝገት ነው። የብሎኖቹ አናት በካቻቢቴ የተበላ ነው። ውስጡ ያለው ካርቦን (ኤሌክትሪኩን ለሚዞረው ክፍል የሚያቀብለው) ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። እኔን ያበገነኝ የሰውየው ድፍረት ነው፤ ሽማግሌ ሰው በወንበር አስቀምጦ፣ ሻይ አስመጥቶ ነው ይህን ያደረገው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ምንም ከመፈታቱ በፊት ፊታችሁ ይለካ። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ነው። ሞተሩ ሲዞር ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥሩ (6 ቮልት የሆኑት የጥንቶቹ ቮልሶች ልክ ግማሹ ነው)። ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር ስለሆነ ጫፎቹ ሲዝጉ አይታይም፤ ወንበሩን አንሱና እዩት። ሞተሪኖ መቀየር የግድ ከሆነም ካምቢዮው ላይ ያለችው ትንሿ ቡሽ (የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚዞርባት የብረት ቀለበት) አብራ ትቀየር፤ እሷ ካለቀች አዲሱም ይንገራገጫል።

አሮጌውን ዕቃ ደግሞ ምንም ቢሏችሁ ጥላችሁ አትውጡ። የጀርመን ቦሽ ሞተሪኖ ካርቦንና ቡሽ ተቀይሮለት ብዙ ዓመት ይሠራል። «እኔ እጥልልዎታለሁ» የሚለው ሰው አይጥለውም። ቀብቶ ለሌላው ይሸጠዋል። ደረሰኝ ላይም «አዲስ» ወይም «ያገለገለ» ተብሎ ይጻፍ፤ አለዚያ ንግድ ቢሮ ብትሄዱ በእጃችሁ ምንም ማስረጃ የለም። እኛን የገጠመን ይሄ ነው።

የአባቴን ሞተሪኖ እስካሁን አላገኘነውም። ቦሽ የሚል ጽሑፍ አለው፣ ሆዱ ላይ በመዶሻ የተመታ ጎድጓዳ ምልክት አለበት። ፒያሳም ሆነ አዘዞ አካባቢ ቀለም ተቀብቶ ሲሸጥ ያየ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።