የጋሌክስ ምስሎች፦ ለሰፊ ቆጠራ ግሩም፣ ለሩቅ ጋላክሲዎች ግን ብዥ ያሉ

ጋላክሲ በአልትራቫዮሌት ልትቆጥሩ ካሰባችሁ መጀመሪያ የምታገኙት የናሳን የጠፈር ቴሌስኮፕ ጋሌክስን ነው። ምስሎቹ ባልቲሞር በሚገኘው የሚኩልስኪ የጠፈር ቴሌስኮፖች መረጃ ማህደር ተቀምጠዋል፤ በነጻ ይወርዳሉ። ቴሌስኮፑ በፈረንጆቹ ከ2003 እስከ 2013 ሠርቷል፣ መስታወቱ 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ2009 ወዲህ ግን የሩቅ አልትራቫዮሌት (የአጭር ሞገዱ) መቅረጫ ስለተበላሸ የቅርብ አልትራቫዮሌቱን (ረዘም ያለ ሞገዱን) ብቻ ነው የምታገኙት።

ስፋቱ ያስደስታል። በአንድ ጊዜ 1.2 ዲግሪ ሰማይ ያነሳል፤ ሁለት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ገብተው ቦታ ይተርፋል። ቅርብና ደማቅ ጋላክሲዎችን በብዛት ለመቁጠር ዓይኔን ሳላሽ እመርጠዋለሁ።

የሩቆቹ ነገር ሌላ ነው። አንዲት ነጥብ ብርሃን ምስሉ ላይ 5 አርክሰከንድ ገደማ (አንድ አርክሰከንድ የዲግሪ 1/3600 ነው) ሆና ትዘረጋለች፣ ሩቅ ጋላክሲ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1 አርክሰከንድ ብዙም አይበልጥም፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ደብዛዛዎች ተቀራርበው ከተገኙ ብርሃናቸው ተደባልቆ አንድ ደመቅ ያለ ጋላክሲ ሆነው ይቆጠራሉ። ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው፦ የደብዛዞቹ ቁጥር ያንሳል፣ የደማቆቹ ያለ አግባብ ይጨምራል። ረጅም ሰዓት ማንሳትም አያድንም። እንዲያውም ብዙ ደብዛዛ ብቅ ባለ ቁጥር መደራረቡ ይብሳል! አንዳንዶች የእያንዳንዱን ጋላክሲ ቦታ ጥራት ካለው የተራ ብርሃን (በዓይን የሚታየው ብርሃን) ምስል ወስደው የተደባለቀውን ብርሃን ያከፋፍላሉ። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን በተራ ብርሃን ያልታየ ጋላክሲ ካለ ድርሻው ለጎረቤቱ ይሰጣል።

ታዲያ የሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ይሻላል? ጥራቱ ወደ 0.1 አርክሰከንድ ስለሚጠጋ ተቀራራቢዎቹን ይለያል። ችግሩ በአንዴ የሚያየው 2.7 አርክደቂቃ (አንድ አርክደቂቃ የዲግሪ 1/60 ነው) ብቻ ነው፤ በጋሌክስ አንድ ምስል ውስጥ ከ500 በላይ እንዲህ ያሉ ቁራሾች ይገባሉ። ጋላክሲዎች በሰማይ ላይ እኩል ስላልተበተኑ ከአንድ ቁራሽ የተገኘ ቁጥር ሊያሳስት ይችላል። ደግሞም በአልትራቫዮሌት ጎልተው የሚታዩት አዳዲስ ኮከቦች የሚወለዱባቸው ቦታዎች ስለሆኑ ሶፍትዌሩ አንዱን ጋላክሲ ሦስት አራት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ከኢንፍራሬድ ምስል ጋር ሳታስተያዩ አትመኑት።

እኔ ለሩቆቹ የምመክረው የሕንዱን የጠፈር ቴሌስኮፕ አስትሮሳትን ነው። በ2015 የመጠቀ ነው፤ ጥራቱ 1.5 አርክሰከንድ አካባቢ፣ ስፋቱ 28 አርክደቂቃ። መደራረቡን ሙሉ በሙሉ ባያጠፋውም በጣም ይቀንሰዋል፣ ስፋቱም ለቆጠራ የሚበቃ ነው። ጋሌክስ ብቻ ካላችሁ ግን በካታሎጉ (በጋላክሲዎቹ ዝርዝር) ጫፍ ላይ ያሉትን በጣም ደብዛዛዎች ከቆጠራችሁ አውጡ።