ቺንጋ ተቀይሮ የውሃ ፓምፑ ሲያፈስ፦ አይሲን፣ የቶዮታ ካርቶን ወይስ ኮፒ?

«ቺንጋ (የሞተሩን ቀበቶ) ባስቀየርኩ በሳምንቱ ከሥር ማንጠባጠብ ጀመረ፤ የቱን ፓምፕ ልግዛ?» የ1ኤንዜድ ሞተር ኮሮላና ቪትዝ የሚነዱ ሰዎች ጥያቄ ነው። መልሱ የጃፓኑ መለዋወጫ አምራች አይሲን ነው። ለመለዋወጫ ሶማሌ ተራ ከመውረዳችሁ በፊት ግን የሚፈሰውን ለዩ።

ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፉ። ኩላንትም (የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ) የመሪ ዘይትም ቀይ ሊሆን ስለሚችል በቀለም ብቻ አትፍረዱ። ጠብታውን ውሃ ላይ ጣሉት፤ ከተንሳፈፈ ዘይት ነው፣ ከተቀላቀለ ኩላንት። ከክራንክ ፑሊው (የሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው የቺንጋ መዘውር) ጀርባ የሞተር ዘይት ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ ፓራኦሊዮው (ዘይቱን የሚይዘው የጎማ ቀለበት) አልቋል፤ ፓምፕ ብትቀይሩም አይቆምም።

ኩላንት ከሆነ ከፓምፑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በባትሪ እዩ። በዙሪያዋ የደረቀ ቅርፊት ካለ ውሃውን የሚይዘው መድፈኛ ለቋል። ቀዳዳዋን በማጣበቂያ የሚደፍን አለ፤ ውሃው ዘንጉን ወደያዘው ኩሺኔታ ይገባና ይባስ ይበላዋል። ታዲያ ቺንጋውን ምን አገናኘው? ያው አንዱ ቺንጋ ዲናሞውንም ፓምፑንም ያዞራል። መካኒኩ እንዳይጮህ ብሎ ከልክ በላይ ሲወጥረው ያረጀው ኩሺኔታ ይላላል፣ ዘንጉ ይወላገዳል። በሁለት ፑሊ መካከል በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ካልረገበ፣ አዲሱንም ፓምፕ ይጨርሰዋል።

ወደ ዋጋው። ገበያው ስለማይረጋ ለስሌት ያህል ኮፒው 2,000፣ አይሲን 5,000፣ የቶዮታ ካርቶን ያለው 9,000 ብር ተባላችሁ እንበል፤ ጉልበት 2,000፣ ኩላንት 1,500። በኮፒው 5,500 ብር ወጣ። ደግሞ ሲያፈስ ፓምፑም፣ ጉልበቱም፣ ኩላንቱም እንደ አዲስ ይከፈላል፦ 11,000። አይሲን በ8,500 ያልቃል። በቶዮታ ካርቶን 12,500 ነው፤ አይሲን ራሱ የቶዮታ አቅራቢ ስለሆነ ለካርቶን 4,000 ብር መጨመር አይታየኝም። ያገለገለ ፓምፕ በነጻም አይወሰድ፤ ጉልበቱ አይቀንስም፣ መድፈኛውም ስንት ዓመት ደርቆ እንደከረመ አይታወቅም።

ክፋቱ አይሲንም ኮፒ አለው። ካርቶኑን ተዉትና ዕቃውን አውጡ። በእጅ ሲዞር ድምፅ ሳያሰማ፣ ትንሽ ከበድ ብሎ መዞር አለበት። ፑሊ የሚታሰርበትን ጎን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፤ ንቅንቅ ካለ መልሱት። ውሃ የሚገፋው ክንፍ ዘንጉ ላይ ቀጥ ብሎ መግባቱን፣ ጎርኒሲዮኑ (በመገጣጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) የሚያርፍበት ፊትም ጠፍጣፋ መሆኑን እዩ። «ሲሊኮን ጨምርበት» የሚል ሻጭ ፊቱ ጠማማ መሆኑን እየነገራችሁ ነው።

አዲሱን ቺንጋ ኩላንት ብቻ ከነካው በውሃ ታጥቦ ሊተርፍ ይችላል። ዘይት የጠጣው ግን ጎማው ስለሚያብጥ ይጣላል፤ የእሱንም ዋጋ ደምሩበት።