ሳቢያን ሰፈር ያለችው ባልትና ቤት፣ ለወታደር ስንቅ የምታዘጋጁ አንብቡት

ሰላም ድሬዎች፣ ይሄን የምጽፈው በተለይ ባላችሁ ወይ ልጃችሁ ወይ ወንድማችሁ መከላከያ ውስጥ ላለ ነው፣ ሌላውም ቢያነበው አይከፋም ምክንያቱም በሶ የማይጠጣ የለም።

ባሌ ሃምሳ አለቃ ነው። 15 ቀን ፈቃድ ተሰጥቶት መጥቶ ነበር፣ በ9ኛው ቀን ማታ ስልክ ተደወለና ነገ ሌሊት 10 ሰአት መኪናው ካምፕ በር ላይ ይጠብቃል ተባለ። የወታደር ቤት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያለሽ አንድ ቀን ነው በቃ። ያልታጠበ ልብስ አለ፣ የልጆች ጉዳይ አለ፣ እኔ ደግሞ ገና 6 ቀን አለኝ ብዬ ለስንቁ የሚሆን ገብስ እንኳን አልገዛሁም ነበር።

ጠዋት 11 ሰአት ተነሳሁ፣ የኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ያን ቀን ተራችን መሆኑ እግዚአብሔር ሲረዳኝ ነው። ጀሪካኑን ሁሉ ሞልቼ ሁለቱንም ሬንጀር ዩኒፎርሙን አጥቤ አሰጣሁ፣ የድሬ ፀሐይ ስንረግማት እንውላለን እንጂ 4 ሰአት ሳይሞላ ደርቆ ነበር። ትልቁ ልጄ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት የአባቱን ከስክስ ጫማ ቁጭ ብሎ ቀባ፣ ማንም አላዘዘውም። ትንሿ ግን ቅዳሜ ከአባቷ ጋር መገላ ሄዳ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ልትበላ ቃል ተገብቶላታል፣ ቅዳሜ እንደማይኖር ማን ይንገራት፣ እኔና እሱ ተያየንና ዝም አልን፣ በኋላ ራሱ ነገራትና ያን ቀን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ይዟት ወጣ። ትቅር፣ ትምህርቱ ይደረስበታል።

እኔ ወደ ስንቁ። ድሮ አባቴ ሐረር ምስራቅ ዕዝ እያለ እናቴ ሁሉንም በእጇ ነበር የምትሰራው፣ ገብሱን አርጥባ በሙቀጫ ፈትጋ አድርቃ ቆልታ ወፍጮ ቤት ወስዳ፣ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል። አንድ ቀን ያላት ሴት ይሄን አትችልም። ከዚህ በፊት አንዴ ከሌላ ቦታ ዝግጁ በሶ ገዝቼለት ነበር፣ በጥርሱ አሸዋ እየተሰማው ሲጠጣው እንደከረመ የነገረኝ ተመልሶ ከመጣ በኋላ ነው፣ ያን ለት አለቀስኩ እውነት ለመናገር። ስለዚህ አሁን በጣም ነው የፈራሁት።

ጎረቤቴ ናት ይቺን ቤት ያሳየችኝ። ሳቢያን ውስጥ ናት፣ ቦርድም የላትም፣ በር ላይ በርበሬ የተሰጣበት ቆርቆሮና ሰማያዊ በር ታያላችሁ። ባለቤቷ ትልቅ እናት ናቸው፣ ሁለት ልጃገረዶች አብረዋቸው ይሰራሉ። ገብቼ ቶሎ ቶሎ በሶ 3 ኪሎ፣ ዳቦ ቆሎ 2 ኪሎ፣ ድርቆሽ፣ በርበሬ እያልኩ ስዘረዝር አስቆሙኝና "ልጄ ቆይ፣ ባለቤትሽ የሚሄድበት እሳት ያገኛል ወይ? ውሃስ?" አሉኝ። እስከ ዛሬ አንድም ባለሱቅ እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት እንደልብ እሳት እንደማይኖር ሲነግረኝ ሰምቻለሁ አልኳቸው። በቃ ዝርዝሩን እሳቸው ለወጡት። ድርቆሽ ወጥ ይፈልጋል፣ ሳይሞቅ አይጥምም፣ ትንሽ ብቻ ያዢ አሉ። በሶውን ጨምሪ፣ ኮዳው ውስጥ ከውሃና ከስኳር ጋር መትቶ ይጠጣዋል፣ ውሃ የማይገኝበት ቀን ደግሞ በቅቤ የታሸውን ጭኮ ነው የሚያነሳው፣ እሳትም ውሃም አይፈልግም። ዳቦ ቆሎው በኪሱ እየያዘ ይበላል። ለወታደር ቤተሰብ ይሄ ምክር ከእቃው እኩል ዋጋ አለው ለኔ።

ስለ ጥራቱ ልንገራችሁ። በሶው ከወፍጮ እንደመጣ ትኩስ ነበር፣ እኔ ቸኩያለሁ በፌስታል ያድርጉልኝ ስል እምቢ አሉ። ትኩስ ዱቄት ከታሰረ ያልበዋል፣ ከዚያ ይጓጉላል ይሻግታል፣ ሳይበርድ አይታሰርም ብለው ነጭ አንሶላ ላይ በትነው ፋን ከፈቱበት። ቀምሼዋለሁ፣ አንድም ቅንጣት አሸዋ የለውም፣ ሲቆላም አላረረም፣ ሽታው ራሱ ይጠራል። ዳቦ ቆሎው ጠንከር ያለ ነው ግን ጥርስ አይሰብርም፣ በርበሬው ልክ ነው፣ ዘይቱ እጅ ላይ አይቀርም። ቋንጣ አልወሰድኩም ምክንያቱም የነበራቸው በደንብ አልደረቀም ነበር፣ ራሳቸው ናቸው አትውሰጂ ያሉኝ፣ ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበርኮ።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንደኛ ጭኮውን በፌስታል ነው የሚሰጡት፣ በድሬ ሙቀት ቅቤው ይቀልጣል፣ ቤት ሳልደርስ ዘንቢሌን በክሎታል፣ ሬንጀሩ ላይ ቢሆን ምን እሆን ነበር። ክዳን ያለው ባልዲ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ እቃ ብትገዙ ብዬ። ሁለተኛ ፌስታሎቹ ላይ ስም አይጻፍም፣ በርበሬና ሚጥሚጣ አጠገብ ላጠገብ ሲታሰሩ በጨለማ የሚከፍት ሰው ምን ያውቃል፣ እኔ ቤት ገብቼ ፕላስተር ለጥፌ ጻፍኩበት። ዋጋው ከቀፊራ ገበያ ትንሽ ወደድ ይላል፣ ቁጥሩን አልጽፍም ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር፣ ግን ደቻቱ ወንዝን ተሻግሮ ቀፊራ ደርሶ መመለሻውን የባጃጅ ስታስቡት ያው ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ድሬ ከቀትር በኋላ ሱቅ እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ፣ እሳቸውም ከ7 እስከ 9 ይዘጋሉ። ዳቦ ቆሎው 7 ሰአት ላይ ገና ምጣድ ላይ ነበር፣ እኔ ደግሞ ለአማቴ መድኃኒታቸውን ልሰጥ መሮጥ ነበረብኝ፣ በቃ ዛሬ አይደርስም ብዬ ነበር የወጣሁት። 8 ሰአት ላይ በር ተንኳኳ፣ አንደኛዋ ልጅ በዚያ ሙቀት በእግሯ ተሸክማ አመጣችልኝ፣ ላቧ በፊቷ ይወርዳል። "እማዬ የወታደር ስንቅ አያድርም ብላኛለች" አለችኝ። ለባጃጅ ልስጥሽ ብላት አልተቀበለችም፣ ውሃ ብቻ ጠጥታ ሄደች።

ማታ ሁላችንም አንድ ክፍል ተኛን፣ ትንሿ አባቷ ክንድ ላይ፣ የሙሸበኩ ስኳር ጣቷ ላይ እንዳለ። 9 ሰአት ተኩል ላይ ቀስቅሼው ቡና አጠጣሁት፣ ሻንጣውን አማቴ ናቸው በእጃቸው የዘጉለት።

በ12ኛው ቀን ደወለ። በሶው ደህና ነው አልጓጎለም አለ፣ ዳቦ ቆሎው ግን ገና በ4ኛው ቀን ከጓዶቹ ጋር አልቋል፣ ሰው የሚመጣ ካለ 5 ኪሎ ላኪ ብሎኛል። ትላንት ሄጄ አዝዣለሁ፣ ለሐሙስ ይደርሳል። የምትሄዱ ካላችሁ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት እዘዙ፣ በጠዋት ሂዱ፣ ባልዲውን እንዳትረሱ፣ ለወታደር እንደሆነም ንገሯቸው።