ኤምዲኤፍ ለመቀባት፦ የውሃ መነሻ ቀለም ወይስ የዘይት?

ኤምዲኤፍ ከደቃቅ የእንጨት ጭረት (ቃጫ) ተጨፍልቆ የሚሠራ ጣውላ ነው። ገጹ በፋብሪካ ተጨፍልቆ ስለጠበቀ ብዙ ቀለም አይመጥጥም። ፈተናው በመጋዝ የተቆረጠው ጠርዝ ነው፤ እዚያ የእንጨቱ ጭረት ክፍት ስለሆነ ቀለሙን ይመጥጣል፣ ይሻክራል።

የውሃ መነሻ (በውሃ የሚቀጥን፣ ከማሳረጊያው ቀለም በፊት የሚቀባ) ከ2 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ ይደርቃል፣ ሽታው ቀላል ነው፣ ብሩሹም በውሃ ይታጠባል። ነገር ግን ውሃው ጭረቱን ያስነሳል፣ ጠርዙንም ያሳብጣል። ከ3 እጅ በታች ጠርዙ አይሞላም፤ በየእጁ መካከልም መፈተግ ግድ ነው።

የዘይት መነሻ ጭረቱን አያስነሳም። የመጀመሪያውን እጅ በአኳራጅ ጥቂት አቅጥኖ ጠርዙን ማጥገብ፣ ቢያንስ 24 ሰዓት መጠበቅ፣ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት መፈተግ፣ አቧራውን ጠርጎ ሁለተኛውን እጅ መድገም ነው። የብርጭቆ ወረቀቱ ከተደፈነ ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ በዱቄት መልክ ከወጣ ደርሷል። በደብረ ማርቆስ ብርድ ወይም በባሕር ዳር ክረምት 2 ቀን መጠበቅ ይሻላል። ሽታው ከባድ ስለሆነ ልጆች በሚተኙበት ክፍል በፍጹም አይሠራም።

ጠርዙን በግድግዳ ስቱኮ መሙላት ግን አይመከርም፤ የቁም ሳጥን በር ሲጋጭ ይፈረፈራል።

ለበርና ለመደርደሪያ ምርጫችን የዘይት መነሻ ነው። ማሳረጊያው ነጭ ከሆነ የውሃ ኢናሜል (በውሃ የሚቀጥን ጠንካራ ማሳረጊያ ቀለም) ይሁን፤ የዘይት ነጭ ብርሃን በማያገኝ ክፍል ውስጥ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። መነሻው በደንብ ደርቆ በ320 ቁጥር ከተፈተገ የውሃው ቀለም ይይዛል። በስፖንጅ ሮለር ስስ 2 እጅ ይበቃል። ሲፈተግ የአፍንጫ መሸፈኛ አይረሳ፤ ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ነው።