ወረቀት የሚያወጣው የቁመትና ክብደት ማሽን፦ ኪሎውን ይቀበሉ፣ ቁመቱን ግን ይጠርጥሩ

በየፋርማሲው በርና በየገበያ ማዕከሉ መግቢያ የሚቆመው ማሽን የመንገድ ዳር ሚዛን የሌለው ነገር አለው፤ ቁመትም ለክቶ ቢኤምአይ፣ ማለትም ክብደት ከቁመት ጋር መመጣጠኑን የሚያሳይ ቁጥር፣ ያትማል። ስሌቱ ቀላል ነው። ቁመት በሜትር ተወስዶ በራሱ ይባዛል፣ ኪሎው ለዚያ ይካፈላል። ጣጣው ያለው ቁመቱ ላይ ነው።

ከላይ የተሰቀለው መለኪያ የድምፅ ሞገድ ወደ ታች ይልካል፤ ሞገዱ ነጥሮ እስኪመለስ በፈጀው ጊዜ ርቀቱን ያሰላል። ጭንቅላትን ከሻሽ፣ ከቆብ ወይም ከጎፈሬ የሚለይበት መንገድ የለውም። ቁመቷ 1.62 ሜትር፣ ክብደቷ 68 ኪሎ የሆነ ሴት ቢኤምአይዋ 25.9 ነው፤ 25ን ስላለፈ ከመጠን ያለፈ ክብደት ይባላል። ሻሿ 6 ሴንቲ ሜትር ከጨመረላት ግን ማሽኑ 24.1 ብሎ «ጤናማ» አድርጎ ያሰናብታታል። ጫማም ኪሎ ቢጨምርም ቁመት ስለሚያረዝም፣ ብዙ ጊዜ ውጤቱን ዝቅ ያደርገዋል።

ኪሎው ይሻላል። ከመውጣትዎ በፊት መስኮቱ 0.0 ማሳየቱን ይዩ፣ መሃል ላይ ይቁሙ፣ ምሰሶውን አይያዙ። ማሽኑ ወጣ ገባ ንጣፍ ላይ ተቀምጦ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ብርዎን አያባክኑ።

ቁመትዎን ቤት ይለኩ። ጫማ አውልቀው ተረከዝዎንና ጀርባዎን ግድግዳ አስጠግተው ፊት ለፊት ይዩ። ሌላ ሰው መጽሐፍ ከግድግዳው ጋር ቀጥ አድርጎ ፀጉርዎን ይጫንና ምልክት ያድርግ፤ ከወለሉ እስከ ምልክቱ በብረት ሜትር ይለካ። ከዚያ የማሽኑን ኪሎ ወስዶ በስልክ ማስላት ነው።

አንዳንዱ ማሽን የሚያትመው «ተስማሚ ክብደት» ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ጤናማ የሚባለው ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው ቢኤምአይ ነው፤ ለ1.62 ሜትር ሰው ከ49 እስከ 65 ኪሎ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ስፋት አንድ ነጥብ ላይ መቸንከር ሰውን በከንቱ ማስጨነቅ ነው።

ማሽኑ ቦርጭንም አያይም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙና በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት መካከል፣ ትንፋሽ አውጥተው ይለኩ። ሴት ከ80፣ ወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ወረቀቱ 24 ቢልም ስኳርና ደም ግፊት መታየት አለበት። ጡንቻ ያዳበረ ስፖርተኛ ደግሞ ቦርጭ ሳይኖረው 27 ሊወጣለት ይችላል።

ነፍሰ ጡሮችና ልጆች አይመዘኑበት። ዕድሜ የማይጠይቅ ማሽን የአዋቂውን መስፈርት ለሁሉም ስለሚጠቀም፣ ቢኤምአዩ 16 ወይም 17 የሆነን ጤናማ የ10 ዓመት ልጅ «ከሲታ» ይለዋል።